የሦስት በር ዱቤ

ጳጉሜን ደሞዝ የላትም። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር ቢሆንም የወር ደሞዝተኛው ፔሮል ላይ የሚፈርመው 12 ጊዜ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበላት ገንዘብ አምስቱን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስቱን የጳጉሜን ቀናት ተሻግራ፣ የዘመን መለወጫን ዶሮና ቅቤ ገዝታ፣ የልጆችን ደብተርና የደንብ ልብስ ሸፍና፣ መስቀልንም አክብራ እስከ መስከረም ማብቂያ መድረስ አለባት። አትደርስም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሰፈሮች የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ከየትኛውም ወር ይልቅ የሚወፍረው በዚህ ሰሞን ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሽንኩርቱ፣ ቡናው፣ ሳሙናው ሁሉ «ጻፍብኝ» እየተባለ ይወጣል።

ዱቤ ማስያዣ አይጠይቅም፤ ፎርም አያስሞላም፤ ወለድም በግልጽ አይታሰብበትም። ባለሱቁ የሚተማመነው የደንበኛው ገንዘብ ከየት፣ በስንተኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደሚመጣ በማወቁ ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች ከአዲስ አበባ በሚወጡ ሦስት በሮች ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ኑሯቸውን የሚያገኙበት መንገድ ስለሚለያይም ዱቤ የሚከፍሉበት ልማድ ይለያያል። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ የፋብሪካ ደሞዝ ትጠብቃለች። በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ የወተት ሒሳብ ትቆጥራለች። በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ ደግሞ የጉልበት ሠራተኛውን የ15 ቀን ክፍያና ማታ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመለሰውን ተቀጣሪ ታያለች። አበዳሪ ወደ ተበዳሪው ገንዘብ ምንጭ ለመጠጋት ያደረገው ጥረት ግን ከሱቁም ከከተሞቹም ዕድሜ ይበልጣል።

በድሮው ዘመን መጠጋት ማለት አብሮ መታሰር ነበር። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኛል፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ተበዳሪው ዋስ የሚሆነው ዘመድ ወይም ወዳጅ ፍለጋ ሲዞር አበዳሪውም አብሮት ይዞራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ አገሪቱ የመጡ አውሮፓውያን በዚህ ልማድ እየተገረሙ ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍ አንስተውም በፖስታ ካርድ አሳትመዋል። ገና ዳኛ ፊት ያልቀረቡ ባለጉዳዮች ደግሞ የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ወደ ችሎት ይሄዱ ነበር። ሰንሰለቱ ለአበዳሪውም ቅጣት ነበር፤ ገንዘቡን እስኪያገኝ እርሱም ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሁለቱም አጥብቀው የሚመኙት ታዲያ ዋስ ነው፤ ዋስ ሲገኝ ሰንሰለቱ ይፈታል፣ ዕዳውም የሚታወቅ ንብረትና የሚታወቅ ደጅ ያገኛል።

ወለድን በተመለከተ ሃይማኖትም ሕግም እጃቸው ከባድ ነበር። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል፤ እስልምናም እንዲሁ ወለድን ይከለክላል። ክርስቲያን የሆነውም ሙስሊም የሆነውም ባለሱቅ ስለዚህ በወለድ ስም ጭማሪ አይጽፍም፤ ጭማሪ ቢኖር እንኳ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ እንዲረጋገጥ ደነገገ። በጊዜው 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 አራጣን በወንጀል ያስጠይቃል። የሰፈር ዱቤ ግን እነዚህን አንቀጾች ሳይነካ ያልፋል። ለአንድ ቤት የስኳርና የዘይት ዕዳ ብሎ ጠበቃ የሚያቆም ማን አለ?

ሱቅና ዱቤ አብረው የመጡት ከሩቅ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የውጭ ሸቀጥ በህንድ፣ በአረብ፣ በግሪክና በአርመን ነጋዴዎች እጅ ይገባ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የህንዱ የመሐመድ አሊ ድርጅት ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ እስኪያስወጡት ድረስ ስመ ጥር አስመጪ ነበር። ጨርቁና ቆርቆሮው፣ ስኳሩና ላምባው ከአስመጪው ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከጅምላው ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪው ወደ ቤተሰብ ሲወርድ በየደረጃው የሚከተለው ዕዳ ነው። የታችኛው ካልከፈለ የላይኛው ሁሉ ይንገዳገዳል። ዛሬም ቢሆን የሰፈር ባለሱቅ ደንበኛውን የሚነዘንዘው መርካቶ ያለው አከፋፋይ እርሱን ስለሚነዘንዘው ነው።

በየመንገዱ ዳር ሱቅ ከፍተው በዱቤ ስማቸው ከተነሣላቸው አንዱ የየመን ተወላጆች ናቸው። ሱቃቸውን ሰው «አረብ ቤት» ይለው ነበር። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ሲጋራ፣ አቡጀዲ ሁሉ እዚያ ይገኛል፤ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ስለሚያድር ሌሊት ቢንኳኳም ይከፍታል። በጣሊያን ጊዜ የተጠረጉትን መንገዶች በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲያድስና ሲያራዝም፣ ከአዲስ አበባ በሚወጡት በሮች ላይ ያሉ መንደሮች ወደ ከተማነት አደጉ፤ ሱቁም አብሯቸው አደገ። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙዎቹ የመናውያን አገር ለቀው ሲወጡ ሥራውን በብዛት የወረሱት የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች ናቸው። ሰው ተለወጠ፤ ደብተሩ ግን ቀጠለ።

ደብተሩ ራሱ ባለ ሃምሳ ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይመደብለታል፤ በግራ ቀን፣ በመሐል የዕቃው ዓይነት፣ በቀኝ ዋጋው። ስም አጻጻፉ የመንግሥት መዝገብ አይመስልም፤ በልጅ ስም፣ በሥራ፣ በበር ቀለም የተጻፈ ይበዛል። ጠንቃቃ ደንበኛ ሁለተኛ ደብተር በቤቱ ያስቀምጣል፤ ልጁን ዘይት ሲልክ ደብተሩንም ያስይዛል፤ ባለሱቁም በሁለቱም ላይ ይጽፋል። ወር ሲሞላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይደመራሉ። ሙሉው ሲከፈል «ሒሳብ ተዘጋ» ይባልና በገጹ ላይ ከጥግ ጥግ መስመር ይሰመራል። ግማሹ ሲከፈል ቀሪው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። መቶ ብር ሰጥቶ ያንኑ ዕለት የሰማንያ ብር ዕቃ የሚወስድ ደንበኛም አለ፤ ዕዳው ብዙም ባይቀንስ የባለሱቁ ፊት እንዳይጠቁር ይረዳዋል።

ከደሞዝ ውጪ ዱቤ የሚዘጋበት ሁነኛ መንገድ ዕቁብ ነው። ዕጣ የሚደርሰው ቀን በውል ባይታወቅም መቼም አንድ ቀን እንደሚደርስ የታወቀ ስለሆነ ባለሱቁ «ዕቁብ ሲወጣልኝ» የሚለውን ቃል ይቀበላል። ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱ የዚያው ዕቁብ አባል ስለሆነ ማን እንደደረሰው ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ኦሮምኛና አማርኛ በሚቀላቀሉባቸው በእነዚህ ከተሞች ጥያቄው ራሱ በአክብሮት ይጠቀለላል። ባለሱቁ ትልቋን ሴት «አዴ» ወይም «እትዬ»፣ አባወራውን «ኦቦ» ወይም «ጋሼ» ብሎ ይጠራና ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ስለ ዕዳው አያነሣም። ደንበኛው የመጣበት ገብቶታል።

ለደፋሩ ደግሞ ማስታወቂያ አለ፤ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ጽሑፍ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ለማያውቁት ሰው የተጻፈ ነው፤ ከጽሑፉ ሥር ያለው ደብተር በሚያውቋቸው ስም ተሞልቷል።

ደርግ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከወረሰና ቀበሌዎች ከተደራጁ በኋላ ከዚህ ደብተር ጎን ሌላ መዝገብ ቆመ። ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩል በኮታ ይታደል ጀመር። በቤተሰቡ ካርድ ላይ የሚጻፈው የተወሰደው ኮታ እንጂ ዕዳ አልነበረም፤ ሸቀጡ በመጣበት ቀን ገንዘብ በእጁ የሌለው ሰው ወረፋው ሊያልፈው ይችላል። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ የሚጠብቅ ግን አልነበረም። በአንጻሩ የግል ሱቅ ዋጋው ቢወደድም እስከ ደሞዝ ይጠብቃል። ብዙ ቤተሰብ በሁለቱ መሐል እየተመላለሰ ኖረ፤ ከጎረቤት በተበደረው ጥሬ ገንዘብ የቀበሌውን ስኳር ያወጣል፣ የጎረቤቱን ብር ደግሞ ደሞዝ ሲወጣ ይመልሳል።

የሰበታ ታሪክ ከፋብሪካ አይለይም። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ተተከለ፤ በደርግ ዘመን ተወረሰ፤ በጥር 2004 የእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ለቢጂአይ ተላለፈ። የሰበታ አረቄ ፋብሪካም የቆየ ስም አለው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዓለም ገናና በሰበታ ዙሪያ ጨርቃ ጨርቁ፣ የአበባ እርሻው፣ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካው ተደረደረ። የፋብሪካ ደሞዝ ለባለሱቅ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ቀን ይቀበላል።

ደሞዝ በጥሬ ገንዘብ ይከፈል በነበረበት ዘመን የፋብሪካ በር በዚያ ቀን የገበያን ያህል ይደምቅ ነበር። ሠራተኛው ከከፋዩ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ፔሮሉ ላይ ፈርሞ፣ ፖስታውን ይዞ ሲወጣ የዕቁብ ሰብሳቢው፣ የቤት አከራይዋ፣ ምግብ ቤት ያላት ሴትና ባለሱቁ ይጠብቁታል። ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይከፈለዋል። ደሞዙ በባንክ በኩል መግባት ሲጀምር ያ ትዕይንት ጠፋ፤ የሠራተኛው ስልክ ጮኾ መልእክት ሲደርሰው በሩ ላይ የሚያየው የለም። ባለሱቁ ግን ቀኑን አይስትም፤ ከአንዱ ደንበኛ ደሞዝ መግባቱን ከሰማ የሌሎቹም መግባቱን ያውቃል።

ከሸቀጥ ከፍ ላለ ነገር፣ ለቴሌቪዥን፣ ለፍሪጅ፣ ለሶፋ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠየቃል። ቀጣሪው ለሻጩ የሠራተኛውን ደሞዝ መጠን ገልጾ በየወሩ ቆርጦ ለመላክ ዋስ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ቁራኛው ከሰው ወደ ፔሮል ዞረ ማለት ነው። ሕጉ ግን ልጓም አበጅቶለታል፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከሠራተኛው ደሞዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደሞዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ያዛል። ሌላው መንገድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ያቋቋሙት በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያም በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፋ። ሠራተኛው ከማኅበሩ ተበድሮ የሱቁን ደብተር በአንድ ጊዜ ይዘጋና ዕዳውን ለማኅበሩ ቀስ እያለ ይከፍላል።

በዚያው ሰፈር የትልቅ ብድር ዕጣ ፈንታም ታይቷል። በዓለም ገና በኩል የተተከለው የቱርኮቹ አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ የወሰደውን ብድር መክፈል ስላቃተው ባንኩ ራሱ ፋብሪካውን ተረከበ። በመስከረም 2009 በነበረው ሁከት ደግሞ ሰበታ ያለው ሳይገን ዲማ የተባለው ሌላ የቱርክ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቃጠለ። ልማት ባንክ ሕንፃና ማሽን ይዟል፤ ፋብሪካ ሲቆም የሠራተኛውን ዱቤ የያዘ ባለሱቅ በእጁ የሚቀረው ወረቀት ነው።

እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲደረስ የገንዘቡ ዑደት ይለወጣል። ሜዳው የሣር ነው፤ ድርቆሹ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል፤ ላሞቹ የሚያመጡት ግን የዕለት ገቢ ነው። የአዲስ አበባ የወተት ኢንዱስትሪ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእርዳታ በመጡ የፈረንጅ ላሞች ሲሆን፣ በኋላ በሾላ የተተከለው ማቀነባበሪያ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎችን ከፈተ። በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ጫንጮና ሰላሌ የዚህ ሥራ እንብርት ሆኑ። ገበሬው ጠዋት ወተቱን በጄሪካን ያመጣል፤ ሰብሳቢው ጥራቱን ይፈትሻል፣ ሊትሩን ይለካል፣ በደብተር ይጽፋል። ገንዘቡ የሚከፈለው በ15 ቀን ወይም በወር ነው።

ሰው ብዙም የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ አለ። የሱሉልታ ገበሬ ለወተት ሰብሳቢው አበዳሪ ነው፤ 15 ቀን ሙሉ ወተቱን በዱቤ ይሰጣል። በእነዚያው 15 ቀናት ከሱቅ ጨውና ስኳር፣ ከመኖ ሻጭ ፋጉሎና ፍሩሽካ በዱቤ ይወስዳል። ሁለቱ ደብተሮች በአንድ ቀን ይዘጋሉ። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን አሳጥረውታል፤ መኖውን ለአባላቸው በዱቤ ይሰጡና ዋጋውን ከወተቱ ሒሳብ ላይ ይቀንሳሉ። ገበሬው በእጁ የሚቀበለው ቀሪውን ነው። ከዱቤ አከፋፈል ሁሉ ለአበዳሪው የተሻለ ዋስትና ያለው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘቡ ወደ ተበዳሪው ኪስ ከመግባቱ በፊት ዕዳው ተነስቷል። ለሱቅ ግን ጭንቅ ነው፤ የመኖ ዕዳ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ ስኳሩ ለሚቀጥለው 15 ቀን ይተላለፋል።

ጾም ሲገባ ሁሉም ይዛባል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የአዲስ አበባ ወተት ጠጪ ይቀንሳል፤ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም፣ መብላቷንም አትተውም። ገቢ ሲወርድ የመኖ ዱቤ ባለበት ይቀጥላል። አንዳንዱ ወተቱን ንጦ ቅቤ ያደርግና ለፋሲካ ገበያ ያቆያል፤ ለባለሱቁም «ለፋሲካ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። የፋሲካ ዋዜማ ቅቤ በሚወደድበት ሰዓት ሒሳብ ይዘጋል። በዚህ አካባቢ ዱቤ በዕቃ መክፈልም የተለመደ ነው፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ድርቆሽ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ከደብተሩ ላይ ይቀነሳል።

ቡራዩ በሦስተኛው በር፣ ከአስኮ ማዶ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ተዘርግታለች። ኬላ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ገፈርሳ የሚባሉት ሰፈሮቿ ስማቸው ራሱ የመንገድ፣ የግንባታና የውኃ ታሪክ ይናገራል፤ የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። በ1999ኙ ቆጠራ ቡራዩም ሰበታም እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ወደ ዳር ሲወጣ ሁለቱም በፍጥነት አበጡ። ቡራዩ በተለይ የተከራይ ከተማ ሆነች፤ በጠዋት ታክሲ ተሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ማታ የሚመለስ፣ ወይም በየግንባታው በቀን ሥራ የሚውል ሰው ይበዛባታል።

የግንባታ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ በ15 ቀን ይከፈለዋል። እስከዚያ ቁርሱም ምሳውም በዱቤ ነው፤ በሳይቱ አጠገብ ምግብ የምታበስለው ሴት የራሷ ደብተር አላት። ክፍያው ከፎርማኑ እጅ ስለሚመጣ ብልኋ ሴት ወዳጅነቷን ከፎርማኑ ጋር ታጠብቃለች፤ ማን ስንት ቀን እንደዋለ፣ ማን እንደቀረ ታውቃለች። ሠራተኛው ከዋለበት ቀን በላይ እንዲበላ አትፈቅድለትም።

ተከራይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው፤ ማንም አያውቀውም። በዚህ ጊዜ አከራይዋ የድሮውን ዋስ ቦታ ትይዛለች። «የእኔ ሰው ነው» ካለች ደብተሩ ላይ ገጽ ይከፈትለታል። ተከራዩ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ቢጠፋ ባለሱቁ ወደ እርሷ ይመጣል፤ እርሷም ያልተከፈለ የውኃና የመብራት ሒሳብ አላት። ሁለቱ ከሳሾች በአንድ በር ላይ ቆመው የሄደውን ሰው ያማሉ። የ2015 ዓ.ም. ለውጥ ይህን እውቀት አናጋው። የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲያዋቅር፣ ሕገ ወጥ ግንባታ የተባሉ ቤቶች በስፋት ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ ማፍረሱ መግለጫ አውጥቷል። ቤት ሲፈርስ ጎረቤት ይበተናል፤ የጎረቤት ስም የሞላበት ደብተርም ከሳሽም ተከሳሽም የሌለው ወረቀት ይሆናል።

ሱቅ ለደንበኛው የሚሰጠው ብድር በሌላው ዓለምም ከዚሁ ደብተር ተነስቶ ነው ካርድ የሆነው። የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለታማኝ ደንበኞቻቸው ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ይሰጡ ነበር፤ ሻጩ ብረቱን አይቶ በዱቤ መዝገብ ይጽፋል። በ1950 እ.ኤ.አ. ዳይነርስ ክለብ ብቅ አለ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60 ሺህ ያህል ሰዎች ካርድ በፖስታ እስከ ቤታቸው ላከ። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ መጤ የብድር ታሪኩን ለመገንባት የሱቅ ካርድ ያወጣል። ሒሳቡን በቼክ በፖስታ ይልካል፣ እዚያው መደብሩ ካሸር ዘንድ ይከፍላል፣ በስልክ ያዛል፣ ወይም ባንኩ በየወሩ ራሱ እንዲከፍል ያደርጋል። ትንሹን መጠን ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ቢያሳድር በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሊደርስ የሚችል ወለድ ይከተለዋል። የአሸዋ ሜዳው ባለሱቅ ከቆየ ዕዳ ላይ ሳንቲም አይጨምርም፤ በምትኩ የሚቀጥለውን ዘይት ይከለክላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ካርድ የመጣው ለዱቤ አይደለም፤ የራስን ገንዘብ ለማውጣት ነው። ንግድ ባንክ የመጀመሪያዎቹን የኤቲኤም ማሽኖች በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከለ። የዱቤን አከፋፈል በእውነት የለወጠው ግን ስልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 አስጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ፤ ባንኮቹም የየራሳቸውን መተግበሪያ ዘረጉ። አሁን በሦስቱም ከተሞች በሱቅ ባንኮኒ ላይ የነጋዴው ቁጥርና የኪውአር ኮድ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ደሞዝ የገባለት ሠራተኛ ሰበታ ሳይደርስ ከታክሲ ውስጥ ሆኖ የወሩን ዱቤ ይልካል። ባለሱቁም ተምሯል፤ ደንበኛው የሚያሳየውን መልእክት አያምንም፣ የራሱ ስልክ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው መስመሩን የሚያሰምረው።

ስልኩ ዕዳ ከመክፈያነት ወደ አበዳሪነት ለመሸጋገር ብዙ አልቆየም። በሐምሌ 2014 ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ቴሌብር መላ የተባለ አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ አገልግሎትና ሳንዱቅ የተባለ ቁጠባ አስጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ዳሸን ባንክ ከኢግልላየን ሲስተም ቴክኖሎጂ ጋር «ዱቤ አለ» የሚል አገልግሎት አመጣ፤ ገዢው ዕቃውን ከተመዘገበ ነጋዴ ወስዶ ዋጋውን በወራት ተከፋፍሎ ይከፍላል፣ ነጋዴው ደግሞ ገንዘቡን ከባንኩ ያገኛል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያለ ማስያዣ በስልክ የሚሰጥ «ሚቹ» የተባለ ብድር አለው። ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም» ብሎ ሲለጥፍ ለኖረ ሱቅ፣ ባንክ «ዱቤ አለ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣቱ ሳያስፈግገው አልቀረም።

አዲሱ አበዳሪ የደንበኛውን ልጆች ስም አያውቅም። የሚያውቀው የስልክ አጠቃቀሙን፣ ገንዘብ የላከበትንና የተቀበለበትን ታሪክ ነው። ለተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ትናንት ወደ ቡራዩ የገባ ሰው ያለ አከራይ ምስክርነት ሁለት ኪሎ ስኳር የሚገዛበት ገንዘብ ከስልኩ ያገኛል፤ በፊቱም የሚያፍርበት ሰው የለም። የገበሬው ታሪክ ግን በአብዛኛው በወተት ሰብሳቢው ደብተር ላይ ስለተጻፈ ስልኩ ብዙ አያውቅለትም። የአገልግሎት ክፍያም አለ፤ የሰፈሩ ሱቅ የማይጠይቀው። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ስልኩ ደንበኛው እስኪመጣ አይጠብቅም። ወደ ሒሳቡ ገንዘብ ሲገባ ዕዳው ከዚያው ላይ ይነሳል፤ በሱሉልታ የመኖው ዋጋ ከወተቱ ላይ የሚነሳበት አሠራር አሁን በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

በዚህ የተነሳ ባለሱቁ በወረፋው ወደ ኋላ ተገፍቷል። በፋብሪካ በር ላይ ቀድሞ በመቆም ያገኘውን ቅድሚያ ስልኩ ወስዶበታል፤ የስልኩ ብድር፣ የቁጠባ ማኅበሩ ተቆራጭ፣ የቤት ኪራዩ ከተነሱ በኋላ የሚተርፈው የእርሱ ነው። በዚያ ላይ የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለዘይትና ለሌላው ከውጭ ለሚገባ ሸቀጥ ዱቤ መስጠት ከባድ ሆኖበታል፤ በወሩ መጀመሪያ ዋጋ የጻፈውን በወሩ መጨረሻ ሲቀበል በዚያ ገንዘብ ያንኑ ዕቃ ላይተካ ይችላል። ስለዚህ ደንብ እየለወጠ ነው። የወሩ ዱቤ ወደ 15 ቀን፣ የ15 ቀኑ ወደ ሳምንት ያጥራል። ባለ አምስት ሊትር ዘይት በእጅ በእጅ ይሸጣል፤ በደብተር የሚጻፈው ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ዳቦና ሻማ ይሆናል። የደንበኛው ስልክ ቁጥር ከስሙ ጎን ይሰፍራል፤ ደሞዝ የሚገባበት ቀንም ከቁጥሩ አጠገብ በእስክርቢቶ ይጻፋል።